በእጄ ያስረጀኋት ልጅ

ቢሮዬ በኬንያ ዋና ከተማ፣ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ነው። ሕፃናት ትምህርት ቤት ገቡ አልገቡ እያልኩ ሪፖርት እጽፋለሁ፤ «ነፃና ግዴታ ትምህርት» የሚለውን ከገዛ ስሜ አብልጬ ጽፌዋለሁ። ያገሬ ሰዎች ከኢስትሊ ፎርም ይዘው ሲመጡም ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሞላላቸው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቅርቡ ከአገር የወጣች እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ኢስትሊ ውስጥ እንግዳ ማረፊያ ቤት አንሶላ ታጥባለች። የልጅቷን የጥምቀት ወረቀት አይቼ የስደተኛ መመዝገቢያውን ፎርም ሞላሁ፤ የትውልድ ዘመኑንም እንዳለ ገለበጥኩት። በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ትዝም አላለኝ። በኬንያ መዝገብ ልጅቷ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት አረጀች። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት እኔ ነኝ።

ስህተቱን አራት ዓመት ማንም አላየውም። የምትማረው ወረቀት በማይጠየቅበት፣ ስደተኞች ራሳቸው በከፈቱት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። እሱ ሲዘጋ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ወሰድኳቸው። ሕጉን በቃሌ ስለማውቀው ርእሰ መምህሩን ገና ሳልቀመጥ ማስተማር ጀመርኩ። ሰውዬው ደግ ነው፤ ታግሶ ሰማኝና መዝገቡ ላይ ያለውን ዕድሜዋን እንዳይ የኮምፒውተሩን ፊት ወደኔ አዞረው።

«ሕጉ የሚለው ልጅ ነው። ሁዩ ኒ ምቱ ምዚማ» አለ።

እናትየው ስዋሂሊ አትችልም። የተረጎመችላት ልጅቷ ናት። «ትልቅ ሰው ነሽ አለኝ፣ እማ።»

ጥፋቱ የኔ መሆኑን እዚያው ተናገርኩ። እናትየው አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለማሳረም ያልረገጥኩት ቢሮ የለም። የጥምቀት ወረቀቱን አስተርጉሜ አቀረብኩ፤ ሌላ ማስረጃ አሉኝ፤ ከዚያ ኬሾ፣ ነገ ና። ነገ ሲባል ወራት አለፉ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር አንሶላ ማጠብ ጀመረች።

አንድ ቀን እናትየው ኪሌሌሽዋ ቤቴ ድረስ መጣች። የመጣችው ማረሚያውን እንድተወው ልትለምነኝ ነው።

«አንድ ደላላ ወረቀቷን አይቶ ለዓረብ አገር ሥራ ዕድሜዋ ይበቃል ብሏል፣ ጋሼ። ያኔ እንዲህ ባይጽፉት ኖሮ አትሄድም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

ጮኽኩባት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሕግ አለ አልኳት።

«ሕጉማ ትምህርት ቤት ያስገባታል ብለውኝ አልነበር?»

ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ ብዬ ዛትኩ። አልሄድኩም። ፎርሙ ላይ የሞላው ሰው ተብሎ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ለሥራ ፈቃዴ ፈራሁ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

በምትሄድበት ቀን ልሰናበታት ኢስትሊ ሄድኩ። የትልቅ ሰው ጫማ አድርገውላት፣ ጥፍሯን ቀብተዋት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ወጣ ስትል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እዚያ ሰዎቹ ዕድሜሽ ስንት ነው ካሉኝ የትኛውን ልበል?»

እውነቱን ብትናገር የሚደርስባትን አሰብኩ። «ሃያ አንድ በይ» አልኳት።