ጣት ማራኪው

የሙጫ ሽታ አይጠፋኝም። የመሰንቆ ደጋን ጭራው ሙጫ ካልታሸ ያንሸራትታል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ትናንት ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው ሆቴል በራፍ፣ ባለባጃጆቹ ጥላ ይዘው ከሚቀመጡበት፣ አንድ ወጣት አዝማሪ ደጋኑን በአበርገሌ ሙጫ ሲያሽ ነፋሱ ሽታውን ይዞልኝ መጣ። እንደ ሌላዋ አሮጊት በናፍቆት ሆዴ አልባባም። ጥርሴን ነከስኩ። ይኸውልሽ፣ እኔ ያንን ዘመን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ቂሜ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ሰቆጣ ለዘፈን ወዳጅ ትንሽ ከተማ አልነበረችም። የላይኛው ጠጅ ቤት የሹማምንቱ ነበር፤ የገበያ ዳሩ የሲራራ ነጋዴዎቹ፤ የእናቴ ጠጅ ቤት ደግሞ የአራሹም፣ ከደብር ሹልክ ብሎ የሚመጣው የመርጌታውም። የኛ ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መደቡ በጭቃ የተለሰነ ነበር። ከሰዓት በኋላ በበሩ የምትገባው ፀሐይ ብርሌው ላይ ስታርፍ ጠጁ ውስጥ የቀረችውን የንብ ክንፍ ሳይቀር ታሳይ ነበር። መሰንቆ መቺው ታላቅ ወንድሜ ነው። በገበያ ቀን ከአንዱ ጠጅ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ሰው ብርሌውን በእጁ እንደያዘ ተነስቶ ይከተለው ነበር። የላይኛዋ ጠጅ ጣይ፣ «ብርሌዬን መልሱ!» እያለች እስከ መንገዱ ትከተላቸዋለች። እኔም ሥራዬን ጥዬ እከተላለሁ። እናቴ ትቆጣለች፤ ግን እሷም በሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ወደዚያው ታቀና ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሰሃላ በኩል የመጣ አራሽ እኛ ቤት ገባ። የወረዳው ምስለኔ፣ «ማሳዬ ገብቶ በላብኝ» ብሎ በሬውን ወስዶ አርዶበታል። አራሹ ብርሌውን ጨለጠና ድንገት፣ «ተቀበል!» አለው ወንድሜን። ግጥም ሰጪው ሲናገር አዝማሪ ተቀብሎ ማዜም ደንቡ ነው። ወንድሜም ተቀበለ፦

«እርሻው ጾም አደረ፣ ቀንበሩም ተሰቅሏል፣
በሬው ከጌታ ቤት ለምሳ ተጠርቷል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አራሹ ራሱ እንባው እየወረደ ሳቀ። ግጥሙ ከኛ ቤት ወጥቶ ገበያውን ዞረ፤ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ያዙት፤ በመጨረሻ ምስለኔው ጆሮ ደረሰ።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ምስለኔው በጠራራ ፀሐይ ከአሽከሮቹ ጋር መጣ። ጠጅ አዘዘ። የቀዳሁለት እኔ ነኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ግማሹን ጠጣና፣ «እስቲ ያቺን የበሬዋን ድገምልኝ» አለ።

እናቴ በአገውኛው ቋንቋችን፣ በኽምጣኛ፣ «ተው፣ ልጄ» አለችው። እሱ ግን ኩራቱ ያዘው። «ሰው የሰማውን ጌታዬ ቢሰሙት ምን አለበት?» ብሎ ደገመው። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ የምኮራው በዚያ ነው።

ምስለኔው አገጩን ነቀነቀ። አሽከሮቹ ወንድሜን ይዘው ግራ እጁን በበሩ ደፍ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ አስተኙትና በጠመንጃ ሰደፍ መቱት። የእናቴን ጩኸት ሳይሆን የምሰማው ያንን የሰደፍ ድምፅ ነው። ምስለኔው ጠጁን ጨርሶ ተነሳ። «ከእንግዲህ ተቀበል ሲሉህ በምን እንደምትቀበል አያለሁ» አለና ወጣ።

ወጌሻው ያቅሙን ሠራ። ጣቶቹ ግን እንደ ደረቀ ሥር ተጠማዝዘው ቀሩ። መሰንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ የእናቴ ጠጅ ቤት ዝም አለ። ለማን አቤት ይባላል? ዳኛውም እሱ፣ ከሳሹም እሱ።

አንድ ጠዋት መሰንቆውን አውርጄ ወንድሜ ፊት ተቀመጥኩ። «አስተምረኝ» አልኩት።

«ሴት ልጅ መሰንቆ ስትመታ የት አየሽ?»

«ባላይም እመታለሁ።»

ምን እንደፈለግኩ ገብቶታል። «ጣትሽን ዝቅ አድርጊ» አለ። እንዲያ ተጀመረ። እሱ በአፉ እያዜመ ያሳየኛል፤ ስሳሳት ዓይኑን ይጨፍናል። የግራ እጄ ጣቶች ቆሰሉ፣ ደሙ ደረቀ፣ ጠነከሩ። ያንን ቁስል ወደድኩት። በያንዳንዱ ምት የምስለኔውን ፊት እያየሁ ነበር የምመታው።

ከዓመት በላይ ቆየሁ። ከዚያ ምስለኔው ሴት ልጁን ሊድር ተነሳ። የሰቆጣ አዝማሪ ሁሉ፣ አንዱ አመመኝ፣ ሌላው ለቅሶ አለብኝ እያለ እምቢ አለው፤ ከኮረም አስመጣ። የኮረሞቹ አለቃ የእናቴ የጥንት ወዳጅ ነበረች። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ አብሬያቸው ዳሱ ገባሁ። ዳሱ አዲስ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸት ነበር። የአውራጃው ገዥ ከነአጃቢው በክብር ቦታ ተቀምጧል፤ አራሾቹ ከኋላ ቆመዋል። አለቃዋ ዓይኗን ሰጠችኝ፤ መሰንቆውን ይዤ ወደ መሀል ወጣሁ። ሰው ሴት መሰንቆ ይዛ ሲያይ ተንሾካሾከ፤ እኔ ደጋኑን ሳብኩ።

«ሙሽሪት ደስ ይበልሽ፣ አባት አለሽ ጀግና፣
ጣት ማርኮ ገባልሽ፣ ጠጅ ቤት ዘመተና።»

የአውራጃው ገዥ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ድገሚው! ድገሚው እንጂ!» አለኝ። ገዥው ከሳቀ ሌላው ምን ይፈራል? ከኋላ ያሉት አራሾች፣ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ፤ ለእነሱ ደግሞ በኽምጣኛ አዜምኩላቸው። በሠርግ ዳስ አዝማሪ ላይ የተቆጣ ሰው መሳቂያ ነው። ስለዚህ ምስለኔው አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ያ ሳቅ፣ ልጄ! ከንፈሩ ይስቃል፣ ዓይኑ ይለምነኛል። ቀና ብሎ ያየኝ ያን ቀን ነው፤ አወቀኝም። እኔም ዓይኔን ሳልነቅል ደገምኩለት።

ከዚያ ወዲያ ስሙ «ጣት ማራኪ» ሆነ። ገበያ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ሳይነጋገር እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቅ ጀመር። ሕፃናት ሳይቀሩ። በበቅሎው ላይ ሆኖ እጅ የሌለው ገበያ መሀል ያልፋል። አልቻለውም፤ ለምኖ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ ስሙም ተከተለው። መሞቱን ስሰማ ጠጅ ቀድቼ ጠጣሁ። የንስሐ አባቴ፣ «ይቅር በይ» ይሉኛል። «እርስዎ ይጸልዩልኝ እንጂ እኔስ አልዋሽም» እላቸዋለሁ።

ወንድሜን ግን ልንገርሽ። ዳሱ አልገባም። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰምቷል። እየሮጥኩ ወጥቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩና፣ «ሰማህ? ሲስቁበት ሰማህ?» አልኩት።

«ደጋኑን አጥብቀሽ ይዘሽዋል» አለኝ። «ድምፁ ታነቀ።»

ግራ እጄን ወስዶ የጠነከሩትን ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ መልሶም ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

ጥቂት ቆይቶ ወደ አበርገሌ ወረደ፤ ፍየል ያዘ። እኔ በእናቴ ጠጅ ቤት መታሁ፤ ሰው ከላይኛው ቤት ተነስቶ ወደኔ ይመጣ ነበር። ሕፃን ልጄን አዝዬ ልጠይቀው የወረድኩ ጊዜ መሰንቆዬን ይዤ ነበርና ገና ከሩቅ ሲያየው ፍየሎቹን ነድቶ ወንዝ ወረደ። መሰንቆውን ጓዳ ካስገባሁት በኋላ ተመለሰና አብረን በላን። ከሰዓት በኋላ ሕፃኗን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያንቀሳቅሳት ነበር። በዚያች በተጠማዘዘች እጁ ጀርባዋን ቸብ ቸብ እያደረገ፣ ሳያውቀው ያንጎራጉር ጀመር። ዜማው ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነው።

በደንብ ልሰማው ብዬ ጠጋ አልኩ። አየኝና አቆመ።