«አደራ ነው» ያለችው ልጅ

«አልናገርም አባዬ። አደራ ነው።»

ዛሬ ጎረቤላ፣ በልጆቻችን ትምህርት ቤት በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ያለችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። የተጨነቁ ተማሪዎችን እንዲያዳምጡ ከሚሠለጥኑት ልጆች አንዷ ነች።

አባቷ ጋሽ ወርቁ፣ ጓደኛዋ እያለቀሰች ምን እንደነገረቻት በሁላችን ፊት እንድትናገር አዘዟት። እምቢ ካለች ከሥልጠናው ሊያስወጧት ነው።

ዳይሬክተሩ ጣራ ጣራውን ያያል። እኔ ከመጽሐፍ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ዛሬ ግን ተነሣሁ።

«ጋሽ ወርቁ፣ የነገሯቸውን ሁሉ የንስሐ አባትዎ ገበያ ላይ ቢያወሩት ዝም ይላሉ?»

«እሷ ቄስ ናት እንዴ?»

«ቄስስ አይደለችም። አደራ በመጠበቅ ግን እዚህ ካለነው ሁሉ ትበልጣለች።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ወርቁ አልሳቁም። ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩና «ትቀጥል እንግዲህ» ብለው ተቀመጡ።

ስንወጣ ጎረቤቴ «አንቺ ደግሞ መቼ አፍ አወጣሽ?» አለችኝ።

የሚሰማት ሰው ያጣች ልጅ በቤቴ አይቻለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ዳግመኛ ግን ዝም አልልም፤ የሚከፋው ይክፋው!

እናንተስ፣ በተማሪነታችሁ የሆዳችሁን የምታካፍሉት ጓደኛ ነበራችሁ? ምስጢሩ ይቅር። ጠብቆላችሁ እንደሆነ ብቻ ጻፉልኝ።