ጅራታሙ መስቀል

የልጅ ልጄ ሰሞኑን የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዝቶ ጓዳዬ ውስጥ ተከለው። በመብራት የሚሠራ፣ መስኮት ያለው ሳጥን ነው። እናት ሳትኖር ጫጩት! ትናንት ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ምስር ስለቅም ከጓዳ የሚንኳኳ ነገር ሰማሁ። ጫጩት ገና ቅርፊቱን ሳይሰብር ሲጮህ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ አጠገብህ ሆኖ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ነው። ሳላስበው "አንለይ?" ብዬ ተነሣሁ። ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ።

አንለይ ታላቅ ወንድሜ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ለአርበኞች እህል አደረስህ ተብሎ ከይጁቤ ገበያ ተይዞ ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው የጣሊያን ሰፈር ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ቤት ሳለ እንቁላል ላይ ምልክት ማድረግ የእሱ ሥራ ነበር። ዶሮ ስትታቀፍ ሌላዋ መጥታ ትኩሱን ከጎኗ ብትጥል እንዳይምታታ፣ የሚታቀፈው በከሰል ምልክት ይደረግበታል። ሌላው ሰው መስቀል አድርጎ ይተወዋል፤ አንለይ ግን ከመስቀሉ ግርጌ የተቆለመመ ጅራት ይጨምርበታል።

"የመስቀል ጅራት የት አይተህ ታውቃለህ፣ አንተ አረመኔ?" ትለዋለች እናታችን።

"ሲወጣ የማን ቤት እንደሆነ እንዲያውቅ ነው እማየ" ይላታል እየሳቀ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሄደ ሲባል ዐቢይ ጾም ነበር። እኔ ያኔ ለአቅመ ሔዋን የተቃረብሁ ልጅ ነኝ። እማየ በሶ ቋጥራ ይዛኝ ወጣች። የበልጉ ጭጋግ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ በመንገዱ ዳር የተገለበጠ ካሚዮን፣ የተጣለ ኮርቻ፣ አንድ እግር ጫማ እናያለን። የሚጮህ ውሻ እንኳ አልነበረም። ሰፈሩ ስንደርስ በሮቹ ሁሉ ወለል ብለዋል። አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገመጠ ዳቦ ተቀምጦ፣ የጥርሱ ምልክት ሳይቀር ይታያል። ከእስር ቤቱ ግን ከሰንሰለትና ከጭድ በቀር ምንም አላገኘንም።

"እስረኞቹን የት እንዳደረሷቸው የሚያውቅ የለም፣ እሜቴ" አላት ሰፈሩን የሚጠብቀው አርበኛ። "የፈቷቸው አሉ ይባላል፤ ይዘዋቸው ሄዱም ይባላል።"

እማየ አልፋው ሄደች። ከዳር ካለች፣ ከሁሉ ተለይታ በሯ ከውጭ ከተቀረቀረ ትንሽ ቤት ስንደርስ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ከውስጥ ይንኳኳል። ያቆማል፤ ደግሞ ይንኳኳል። በመካከሉ አፉን የታፈነ ሰው የመሰለ ቀጭን ድምፅ አለ።

"ልጄ ነው" አለች።

"አይጠጉ እሜቴ! ፈንጂ ቀብረው ነው የሄዱ! ይሰማዎታል፣ እየቆጠረ ነው!" ብሎ ጮኸ አርበኛው።

"ፈንጂ እንዲህ አያለቅስም" አለችና መቀርቀሪያውን ሳበችው።

ቤቱ ጨለማ ነው፤ አየሩ እንደ ትንፋሽ ይሞቃል። ሰው የለም። መካከሉ ላይ የእንጨት ሳጥን ቆሞ፣ ከሥሩ ፋኖስ ይበራል። እማየ ክዳኑን ስታነሣው እንቁላል ሞልቶታል። ገሚሱ ተሸንቁሮ በየቀዳዳው ምንቃር ይንቀሳቀሳል። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ፣ ወደ ላይ ወደ እኛ የዞረ፣ ጅራት ያለው መስቀል በከሰል ተስሏል።

ፋኖሱን አነሣሁት። እስከ አፉ ላምባ ነበረበት። ወታደሩ ከሄደ ሰንብቷል፤ ፋኖስ ደግሞ በየቀኑ ካልሞሉት አይነድም። አርበኛው አማተበ።

"እኔ ከቆምሁ ጀምሮ እዚህ የገባ ሰው የለም" አለ።

እማየ "አንለይ!" ብላ ተጣራች። እንቁላሎቹ ሁሉ ዝም አሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጮኹ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ከመካከላቸው አንዱ ምንቃሩን ካወጣ በኋላ ደክሞ ቀርቶ ነበር፤ ስሱ ሽፋን ደርቆ ላዩ ላይ ተጣብቋል። እናቴ ጫጩት ሲወጣ የሚረዳ ሰው አትወድም። "ቅርፊቱን ራሱ ያልሰበረ፣ ጭልፊት ሲመጣ አይሮጥም" ነበር ቃሏ። ያን ቀን ግን መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጣቷን በምራቋ እያራሰች፣ ደም ሲታያት እያቆመች፣ ትንፋሿን እየሰጠችው ቅርፊቱን በጥቂት በጥቂቱ ላጠችለት።

"እማየ፣ ተይው እንጂ" አልኋት።

"አንዱን እንኳ ላውጣ" አለችኝ።

ከብብቷ ሥር አድርጋ ታቀፈችው። እስኪመሽ እንዲያ ተቀምጣ በሩን በሩን ታይ ነበር።

ያ ጫጩት አደገ፤ እግሩ ትንሽ ያነክስ እንጂ ደርባባ አውራ ዶሮ ወጣው። ስንት ፋሲካ አለፈ፣ ካራ አልነካውም። በጠራራ ፀሐይ ይጮሃል፤ በጮኸ ቁጥር እማየ ሥራዋን ጥላ ወደ ደጅ ትወጣለች። እስክትሞት የአንለይን ተዝካር አላወጣችም፤ ማንም ደፍሮ አውጪ አላላትም። ላምባውን ማን እንደሞላው እኔም ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንድሜ ከሆነ፣ ለምን ወደ እኛ አልመጣም? ካልሆነስ ማን ነው?

የልጅ ልጄ ትናንት ሲመጣ ምስሬን ከመሬት ሲለቅም ከቆየ በኋላ ማሽኑን ከፍቶ አየና ሳቀብኝ። "ማሽኑ ራሱ ያገላብጠዋል እኮ፣ እማማ! ይኼ ሁሉ ከሰል ምን ያደርጋል? ደግሞ የመስቀል ጅራት የት አይተዋል?"

እውነቱን ነው፤ የሣልሁት ለእንቁላሉ ምንም አያደርግለትም። ምናልባት አንድ ሰው መንገድ ጠፍቶት እንደሆነ፣ የማን ቤት እንደሆነ እንዲያውቅ ነው።