ከአቢጃን የተሰጠ ድምፅ

ሰዉ ሁሉ በልጇ ስም ኡም ራቢዕ እያለ የሚጠራት ኢንሷፍ ፎቶውን ያየችው የትምባሆ ችግኝ ስትተክል ውላ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ነው። ልጇ ራቢዕ ለሥራ በተሰደደበት በአቢጃን፣ ለሊባኖሳውያን ከተከፈተ የምርጫ ጣቢያ ደጃፍ ቆሞ፣ ቀለም የነካ አውራ ጣቱን ቀስሮ ይስቃል። ከሥሩ የመረጠውን ሰው ስም ጽፎበታል። ስሙን ስታነብ ስልኩን ጭቃ በነካ እጇ ሸፈነችው።

በእነሱ መንደር፣ እዚያ ደቡብ ሊባኖስ፣ ያ ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም። ውጭ ያሉት ደግሞ የሚመርጡት ቀደም ብለው ነው፤ አገር ቤት ምርጫው ሳይደርስ የራቢዕ ፎቶ በየስልኩ ዞሯል።

የመንግሥት መብራት ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ መንደሩ የሚያድረው በአቡ ሺብሊ ጄኔሬተር ነው። አቡ ሺብሊ ለሌላው ዕጩ ቀን ከሌት የሚቀሰቅስ ሰው ነው። የኢንሷፍ ባል ሐሲብ ደግሞ ሳንባው ከታመመ ወዲህ ያለ ኦክስጅን ማሽን መተንፈስ አይችልም።

ደወለች።

«አጥፋው!» አለችው ገና ሃሎ ሳይል።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? አገሬ አይደል እንዴ? መብቴ ነው።»

«አንተ አቢጃን ተቀምጠህ ትመርጣለህ፣ ፍዳውን እኛ እዚህ እናያለን! አባትህ በማን ገመድ እንደሚተነፍስ ረሳኸው?»

«የገመዱን ሂሳብ ማን ይከፍላል? መድኃኒቱንስ? ስትቸገሩ ልጃችሁ፣ ስመርጥ ባዳ?»

«ፈርቻለሁ፣ ልጄ» ብቻ አለችው። ራቢዕ ፎቶውን አጠፋው፤ ግን ረፍዶ ነበር።

በማግስቱ አቡ ሺብሊ ራሱ መጣ። ከሐሲብ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ።

«እንኳን ደስ አለሽ ኡም ራቢዕ፣ ልጅሽ ፖለቲከኛ ሆነ አሉ» አለና የማሽኑን ገመድ በዓይኑ ተከትሎ እስከ ሶኬቱ ደረሰ።

«ልጅ ነው፤ ምን ያውቃል ብለህ እለፈው።»

«ልጅማ ልጅ ነው። ጨለማውም ቦምቡም እዚያ አይደርስበት፤ ለኛ መሪ ይመርጥልናል። አንቺስ እሁድ ማንን አሰብሽ?»

«መንደሩ የመረጠውን» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ጮኸና ጸጥ አለ። ኢንሷፍ ወደ መስኮቱ ሮጠች። የጎረቤት ራዲዮ ይዘፍናል፤ የማዶው ሱቅ አምፖል በርቷል። የጠፋው የእነሱ ብቻ ነው። ዞር ስትል የሐሲብ ከንፈር ጠቁሯል። በረንዳ ላይ ወጥታ ጮኸች።

ከፊት ለፊት ቤት ጎረቤቷ ኡም ዋጅዲ ብቅ አለች። በረንዳዋ ላይ የአቡ ሺብሊ ዕጩ ፎቶ ተንጠልጥሏል። ከውስጥ ባሏ «ተይ አንቺ ሴት፣ የኛንም ይቆርጡብናል!» ሲል ይሰማል። እሷ ግን ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ እየጎተተች መጣች።

«ከልጅሽ ጋር ኋላ ትጨቃጨቂያለሽ! ሰውዬው ይተንፍስ፣ ያዢ!» ብላ ወረወረችላት።

ማሽኑ ተነሳ። ኢንሷፍ የባሏን እጅ ይዛ ተቀመጠች። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትዞራለች፤ የኡም ዋጅዲም መብራት የሚጠፋበትን ቅጽበት ትጠብቃለች። አልጠፋም።

እሁድ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዋን ቆመች። ማንም አያያትም፤ እሷ ግን ጀርባዋን ዓይን ሲወጋት ተሰማት። በአቡ ሺብሊ ዕጩ ላይ ምልክት አደረገች። ራቢዕ የመረጠው ሰው በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ። ከምርጫው በኋላ አንድ ጠዋት፣ ማንም ምንም ሳይላት፣ የቤቷ መብራት ተመልሶ መጣ።

ራቢዕ ደወለ። «እማዬ፣ ማንን መረጥሽ?»

«አባትህን» አለችው።

«ስጪኝ እስቲ፣ ላናግረው» አላት።