እንድሪስ ያነበበው ጥቁር ሰሌዳ

የባትሪ ድንጋይ ፈልጦ፣ ጥቁሩን ዱቄት በቅጠል ጭማቂ ለውሶ ሰሌዳ የቀባ ሰው ሽታውን አይረሳም፤ መራራ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። ከቅርቡ ጦርነት በኋላ መርሳ ሄጄ፣ ወንበሩ ሁሉ ለማገዶ ባለቀበት ትምህርት ቤት ልጆች ሰሌዳቸውን እንዲህ ሲቀቡ አገኘኋቸው። እኛም በልጅነታችን፣ በደርግ ዘመን፣ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ያኔም ጦርነቱ “የሰሜኑ ጦርነት” ይባል ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የመንገድ ስም እንኳ እንለውጣለን፤ ለጦርነቱ ግን አዲስ ስም ለማውጣት ሰነፍን።

እትዬ ታንጉት የሰባተኛ ክፍል አስተማሪያችን ነበሩ፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ሹራባቸው ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ። እንድሪስ ደግሞ ግራና ከሚባል ቦታ የመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ቁመቱ ከሁላችንም ይበልጣል፣ ዐይኑ ግን ከሁለት ክንድ አያልፍም። ዳይሬክተሩ “ማየት ስለማይችል ይሰናበት” የሚል ደብዳቤ አዘጋጁና አባቱን አስጠሩ።

“ወላሂ እትዬ፣ ዕውር ተብሎ ከሚጻፍበት ሞፈር ቢጨብጥ ይሻለኛል” አሉ አባቱ። “ነገ ማን ልጁን ይድርለታል?”

እትዬ ታንጉት ደብዳቤውን ከዳይሬክተሩ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። “አይጻፍበትም፤ አይሰናበትምም። የሚያይለት ልጅ አጠገቡ ይቀመጣል።” መዝገቡ ላይ ከስሙ ትይዩ “ጤነኛ” ብለው ጻፉ። የሚያይለት ልጅ እኔ ሆንኩ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ነገር የሚወስን ኮሚቴ አለ፤ ቅጽና ማኅተም፣ ሥልጠናና ሻይ እረፍትም አለው። ያኔ የነበረው የእኔ አፍ ብቻ ነው።

ሰሌዳው ላይ ያለውን ሹክ እለዋለሁ፤ እሱ ጮክ ብሎ ይደግማል። ስፈጥንበት “ቀስ በል እንጂ፣ ማን ያባርርሃል!” ይለኛል። በመንፈቁ መጨረሻ እሱ ሦስተኛ ወጣ፣ እኔ አሥራ አንደኛ። ሲስቅብኝ ከረመ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ካድሬ ከሁለት ወታደሮች ጋር ክፍላችን ገባ። ለብሔራዊ ውትድርና ረጃጅሞቹን እየመረጠ ያስነሳል። እንድሪስ ጋ ሲደርስ እትዬ ታንጉት መሀል ገቡ።

“ይህ ልጅ አያይም።”

ካድሬው መዝገቡን ገለጠ። “‘ጤነኛ’ ይላል። የማን ጽሑፍ ነው፣ ጓድ መምህርት?”

“የእኔ። ዋሽቼ ነው።”

“አሁንስ?” ብሎ ሳቀ። ጠመኔ አንስቶ “ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር” ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። “አንብብ፣ አንተ ረጅሙ።”

እንድሪስ እንደ ልማዱ ጆሮውን ወደ እኔ ዘንበል አደረገ። እኔም እንደ ልማዴ ሹክ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤ የተሻለ ምክንያት ፈልጌያለሁ፤ አላገኘሁም። ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፣ አነበብኩ፤ ይኸው ነው። እሱም ዕውር መባልን ከጦርነቱ ይበልጥ ይፈራ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ቃል ሳይስት በዚያ በሚያምር ድምፁ ደገመው።

“ዐይኑ ከእኔ ይሻላል!” አለ ካድሬው።

ወሰዱት። እትዬ ታንጉት ኪሳቸው የቆየውን የዳይሬክተሩን ደብዳቤ ይዘው ወልድያ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ማኅተም የለውም አሏቸው። እንድሪስ አልተመለሰም፤ ለአባቱም ሞተ የሚል ወረቀት እንኳ አልመጣላቸውም። እትዬ ታንጉት ስላደረግሁት ነገር አንድም ቀን አላነሱብኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

በተከታዩ መስከረም እሳቸውም አብረውን ወደ ስምንተኛ ክፍል አለፉ። በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። “እባክዎ እትዬ፣ እንዳይጻፍባት” እያለች እናትየዋ ለመነች። እትዬ ታንጉት መዝገቡን ገልጠው፣ እናትየዋ እያለቀሰች፣ በትልልቅ ፊደል “አትሰማም” ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀና አሉ።

“አጠገቧ ማን ይቀመጥ?”

አንገቴን ደፋሁ።

“አንተ” አሉኝ፤ “ደብተርህን ይዘህ ና።”