ፍሬን የበጠሰ ስንዴ

ሊይዙኝ ሲመጡ በረንዳዬ ላይ ለምርምሬ የማበቅለውን ስንዴ ውሃ እያጠጣሁ ነበር። የካ ኮረብታው ላይ ያለችው ቤቴ የእንጦጦ ንፋስ ስለማይለያት ለስንዴ ትመቻለች። ከፖሊሶቹ አንዱ ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል አየና «ይሄማ ታሟል» ብሎ ሳጥኑን በጫማው ጫፍ ገፋው። አልታመመም፣ እየዳነ ነው ልለው አሰብኩና ተውኩት።

ጣቢያው ከሰፈሬ ቁልቁል ነው። የሴቶቹ ክፍል ጠባብ፣ ሲሚንቶው እርጥብ፤ የሽንት ቤቱ ሽታ የባሕር ዛፉን ሽታ አሸንፎታል። አንዲት እስረኛ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። «እግርሽን አጠፍ አርጊው እህቴ፣ እዚህ ሁላችንም በጎናችን ነው የምንተኛው» አለችኝ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ለስላሳ ሰው ነው፤ «ይቀመጡ ዶክተር» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ልቤ ረጋ አለ፤ ሞኝ! የሚፈልገው ከእኔ ጋር የሚመራመረውን ተማሪዬን ነበር። እሱን የያዙት ከእኔ ቀድመው ነው።

«ተማሪ ሰብስቦ ሲያሳድም ሰምቻለሁ ብለው ይመስክሩበት፤ ዛሬውኑ ልጆችዎ ጋ ይገባሉ።»

«አልሰማሁም» አልኩ። እኔ የማውቀው ያ ልጅ ከስንዴው ጋር ሲውል ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ፈገግ አለ። ለካ እሱም እርሻ ኮሌጅ ጀምሮ የተወ ኖሯል፤ የእኔን ትምህርት ከአንድ የታሰረ ተማሪ ስልክ ላይ ተቀድቶ ሰምቶታል። «ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩት? ዋግ የሚባለው በሽታ የስንዴ ቅጠል ላይ ሲያርፍ፣ አንዱ ዘረመል ጠላቱን ያውቅና የተነካውን ህዋስ ሙት ብሎ ያዘዋል። ዋጉ የሚበላው ሕይወት ያለውን ብቻ ስለሆነ እዚያው ተርቦ ያልቃል። አንድ ህዋስ ይሠዋል፣ ስንዴው ይድናል። አገርም እንደዚያ ናት።»

አይ ድፍረት! ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ትምህርት ሰው መብያ ሲያደርገው ደሜ ፈላ።

ፊት ለፊት እንድመሰክርበት ብሎ ተማሪዬን አስመጣው። እግሮቹ አብጠው ጫማ አልገባ ብሏቸው ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና፣ አየኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ዶክተር፣ ይመስክሩብኝ። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ እርስዎ ልጆች አሉዎት። ከሁለታችን አንዳችን ብንወጣ ይሻላል።»

በመርማሪው ከተናደድኩት በላይ በእሱ ተናደድኩ። «ዝም በል!» ብዬ ጮህኩ፣ ክፍል ውስጥ እንደምጮኸው። «አንተ ሰው ነህ፣ የስንዴ ቅጠል አይደለህም! ማነው ሙት ያለህ?»

ወደ መርማሪው ዞርኩ። «ትምህርቱን እስከ መጨረሻው አልሰሙትም። ያንን ሞት አደብ የሚያስገዛ ሌላ ዘረመል አለ፤ እንደ መኪና ፍሬን ነው። እሱ ሲበላሽ፣ ዋግ በሌለበት፣ ምንም በሽታ በሌለበት፣ ቅጠሉ የራሱን ደህና ህዋሳት መግደል ይጀምራል። መጀመሪያ ነጠብጣብ ነው። ከዚያ ሙሉ ቅጠሉ ይደርቃል። ሲደርቅ ቢፈልጉ ቢፈልጉ ጠላት አያገኙበትም።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁና ወደ ልጁ ገፋሁለት።

«ተቀመጥ።»

«ኧረ ዶክተር፣ እርስዎ ቆመው? በሞቴ!»

«ተቀመጥ አልኩህ!»

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ መርማሪው። ከእርስዎ ወደ አንቺ ወዲያው ወረደ።

«ወንበሩን ለእኔ ሰጥተውኛል» አልኩት። «ለማን እንደምለቀው እኔ አውቃለሁ።» ልጁ ተቀመጠ።

ያን ቀን ልጆቼ ጋ አልገባሁም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን አልገባሁም። እህቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ ትንሿ ልጄ በር ላይ ስታለቅስ ድምጿን ለይቼ እሰማ ነበር። ይህን አልረሳላቸውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሁለታችንንም «በሉ ውጡ» አሉን። ለምን እንደታሰርን አልነገሩንም፣ ለምን እንደተፈታንም አልነገሩንም። ይቅርታ? ማን ጠይቆ!

ስንዴው በረንዳው ላይ ደርቆ ጠበቀኝ። እንደገና ዘራን። ተማሪዬ ዛሬ እሱም አስተማሪ ሆኗል፤ ብርድ ሲሆን ያነክሳል፣ ባየሁት ቁጥር ንዴቴ እንደ አዲስ ይነሣል። ያንኑ ትምህርት አሁንም አስተምራለሁ፤ አንድ አባባል ብቻ ቀይሬበታለሁ። ድሮ «ህዋሱ ራሱን ይሠዋል» ማለት ደስ ይለኝ ነበር። አሁን «ህዋሱ ይሞታል» ነው የምለው።

ባለፈው አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ታዲያ ህዋሱ ለተክሉ ብሎ አይደል የሚሞተው?» አለችኝ።

«ለሌላው ብዬ ልሙት የሚል ሰው ብቻ ነው» አልኳት። «እንደዚያ ሲል ከሰማሽው ዝም አሰኝተሽ ወንበር ስጪው።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። ዕድሜ ልኳን ባይገባት ደስ ይለኛል።