ወንዙ ወደ ቦታው

ወንዛችን ከጉና ሥር ሲነሣ ሕፃን የሚዘለው ምንጭ ነው። ከላይ ያሉት ሰዎች በአንድ ስም፣ ከታች ያሉት በሌላ ይጠሩታል፤ መካከል ላይ ያለነው እኛ ዝም ብለን «ወንዙ» እንለዋለን። ገደሉን ወርዶ የሚያርፍበት ሜዳ ላይ ነው ቤታችን። ከደብረ ታቦር የተሳፈርኩበት መኪና መንገዱ ሲያልቅ ያወርደኛል፤ ከዚያ ግማሽ ቀን በእግር ነው።

ሜዳው ላይ ወርቅ ወጣ የተባለው ልጅ ሳለሁ ነው። ከአንበሳሜም ከይፋግም ሰው ጎረፈ። አባቴ ከቆፋሪዎቹ ግንባር ቀደሙ ነበር። የወንዙን ወለል ለማድረቅ ውኃውን በድንጋይና በአፈር ገድበው በጎን ቀየሱት። ወርቁ ሲጠፋ ሰዉ ዕቃውን ሸክፎ ሄደ፤ ግድቡን ላፍርስ ያለ ግን አልነበረም። ወንዙም አዲሱን መንገድ ለመደና በየክረምቱ የእናቴን ማሳ ይበላ ጀመር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነው።

ከዓረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንድ በጋ ልጠይቃት ሄድኩ። የማሳው ግማሽ የለም። ተናደድኩ። በወንዙ ሳይሆን በአባቴ። ሙት ላይ መናደድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተናደድኩ። በማግስቱ መስኖ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ የውኃ አባታችን ዘንድ ሄጄ ደቦ እንዲጠሩልኝ ለመንኩ።

«ልጄ፣ ወንዝ ወደ ኋላ ሲመለስ የት አይተሻል?» አሉኝ።

«ሰው ነው ያጣመመው፤ ሰው ያቃናዋል። አንቱ ብቻ ሰዉን ይጥሩልኝ፤ ካልመጣም ብቻዬን እቆፍራለሁ።»

መጣ። ገሚሱ አዝኖልኝ፣ ገሚሱ ሊስቅብኝ እንደሆነ አልጠፋኝም። ዶማ እስከያዘ ድረስ ቢስቅስ ምን ቸገረኝ! በደለል የተደፈነውን የድሮ መሄጃ እየጠረግን ቀናት ቆጠርን። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል፤ ዝናቡ ከቀደመን ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

በመጨረሻው ቀን ጥቂት ክንድ ሲቀረን ከዶማዬ ሥር የገብስ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ብቅ አለች። አንድ ሰው ካያት አበቃ፤ ደቦው ይበተናል፣ ሁሉም የየራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ወንዙም እዚያው ይቀራል። ጨበጥኳት። አጠገቤ አፈር ለምትዝቀው እናቴ ብቻ መዳፌን ከፈት አድርጌ አሳየኋት።

እናቴ የወርቅ ቆፋሪ ሚስት ነበረች፤ ሚዛን አያስፈልጋትም። ተቀብላኝ መዳፏ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገቻት። ከዚያ ቀና ብላ ማሳዋን አየች።

«ምን አገኛችሁ?» አሉ የውኃ አባቱ ከማዶ።

«ጠጠር ነው» አለች። ጭቃው ውስጥ ጣለችና በተረከዟ ረገጠቻት። ወደ እኔ ዞራም «ቆፍሪ!» አለችኝ።

ቆፈርኩ። አመሻሽ ላይ ግድቡ ሲፈርስ ውኃው እየተንደረደረ ወደ ድሮው ቦታው ገባ። ሰዉ እየጮኸ ወደ ዳር ሸሸ። እናቴ ግን ውኃው ቁርጭምጭሚቷን እስኪሸፍነው ድረስ ከረገጠችበት አልተነቃነቀችም።